የቤላ ባርቶክ ሁለተኛው የቫዮሊን ኮንሰርቶና የሕዝብ ዜማ ጥናት

አንድ የሙዚቃ ደራሲ የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢም በሆነ ጊዜ፥ አድማጭ በድርሰቱ ውስጥ አስቀድሞ የሚፈልገው የተሰበሰበውን ዘፈን ነው። የቤላ ባርቶክ ሁለተኛው የቫዮሊን ኮንሰርቶ ይህ ፍለጋ ምን ያህል አሳሳች እንደ ሆነ ያስረዳል። ባርቶክ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1906 ዓ.ም. ወዲህ ከዞልታን ኮዳይ ጋራ በመተባበር የሀንጋሪን ገበሬዎች ዘፈን በፎኖግራፍ የቀዳ፥ የስሎቫክንና የሮማንያንም የሰበሰበ፥ ለዚሁ ሥራ በ1913 ወደ አልጄሪያ፥ በ1936 ወደ ቱርክ የተጓዘ ሊቅ ነበረ። ይሁን እንጂ በ1937 እና በ1938 በጻፈው በዚህ ኮንሰርቶ ዋናዎቹ ዜማዎች የራሱ ፈጠራዎች ናቸው። እንግዲህ የሕዝቡ ፈለግ ወዴት አለ?

መልሱ በአሠራሩ ይገኛል። ድርሰቱን ያዘዘው ቫዮሊን ተጫዋች ዞልታን ሴኬይ በልማድ የታወቀውን ባለ ሦስት ክፍል ኮንሰርቶ ሲጠይቅ፥ ባርቶክ አንዱን ዜማ እየለዋወጡ የሚያራምዱበትን ቅርጽ ይመርጥ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱንም አስማማ። ሁለተኛው ክፍል አንድ ዜማና ስድስት ልውጦቹ ሲሆን፥ ሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ክፍል ዜማዎች በሌላ ምት መልሶ ያቀርባል። የገበሬ ዘፈን ከመንደር ወደ መንደር ሲሻገር ምን እንደሚለወጥበትና ምን እንደሚጸናበት ሲመረምር የኖረ ሰው፥ በድርሰቱም ያንኑ ጥያቄ አነሣ።

የመጀመሪያው ክፍል በሃርፕ ረጋ ብሎ ይከፈታል፤ ቫዮሊኑም በኩራት ይገባል። ባርቶክ በረቂቁ ላይ ይህን ምት ቬርቡንኮሽ ብሎት ነበር። ቬርቡንኮሽ በ18ኛው መቶ ዓመት ጐበዛዝትን ለወታደርነት ለመመልመል ይጨፈር የነበረና በጂፕሲ ሙዚቀኞች የታወቀ ስልት ነው። ሊቁ በጥናቱ የከተማውን የጂፕሲ ሙዚቃ ከገበሬው ዘፈን አጥብቆ ይለይ ስለ ነበረ፥ ነገሩ የሚቃረን ይመስላል። ነገር ግን መለየት ለመዝገብ የሚያስፈልግ ሥራ ነው፤ የሕዝብ ጆሮ ሁለቱንም አብሮ ሰምቶ አድጓል። በዚሁ ክፍል ሁለተኛው ዋና ዜማ ዐሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይዞ ሳለ መሠረታዊ ድምፁን አይስትም፤ ቫዮሊኑ ብቻውን ከሚጫወትበት ቦታ በፊትም ከግማሽ ድምፅ ያነሡ ርቀቶች ይሰማሉ።

ድርሰቱ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። የሦስተኛው ክፍል ዝምድና ከመጀመሪያው ጋራ በጽሑፍ ላይ ከመታየቱ ይልቅ ለጆሮ የተሰወረ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማ ሰው ዜማው መመለሱን ላያውቅ ይችላል። ስለ ፍጻሜውም ክርክር አለ። ባርቶክ መጀመሪያ መዝጊያውን ለኦርኬስትራው ብቻ ትቶት ነበር፤ ማርች 23 ቀን 1939 በአምስተርዳም በዊለም ሜንገልበርግ መሪነት ኮንሰርቶውን መጀመሪያ ለሕዝብ ያሰማው ሴኬይ ቫዮሊኑ እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ስለ ጠየቀ፥ ሌላ ፍጻሜ ጻፈ። ሁለተኛው ፍጻሜ ለተጫዋቹ ክብር ይስማማል። የአንዱ ድምፅ በብዙዎች ድምፅ ውስጥ የሚዋጥበት የቀድሞው ፍጻሜ ግን ለድርሰቱ ሐሳብ የቀረበ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ ሙዚቃ ተማሪ ይህን ኮንሰርቶ ሲሰማ የተወሰደ ዘፈን ከመቍጠር ይልቅ፥ ዜማው በተመለሰ ቍጥር ምን እንደ ጣለና ምን እንደ ያዘ ቢከታተል ይበልጥ ይጠቀማል።