የሂሩት ክብር፤ በሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎትና ትምህርት ሰው ሁለት ነገር ስለ ራሱ ይሰማል፤ አንደኛው አፈርና ትቢያ መሆኑን እያሳሰበ አንገቱን ያስደፋዋል፣ ሁለተኛው በአርአያ ሥላሴ መፈጠሩን እያበሠረ ቀና ያደርገዋል። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ፣ የፊተኛውን ዘወትር ስለምንደግመው የኋለኛውን ለበዓል ቀን ስብከት የተውነው ይመስለኛል። በዚህ ረገድ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ እንደገና ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው።

ባለ ሐተታው ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ እንደሚተርከው፣ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወልዶ፣ ዜማውንና ቅኔውን ከመጻሕፍት ትርጓሜ ጋር ተምሮ በማስተማር ላይ ሳለ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተነሣው የሃይማኖት ጠብ ተከስሶ፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ ሸሸ፤ ሁለት ዓመትም በዋሻ ተቀመጠ። (መጽሐፉን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ሚሲዮናዊ ነው በማለት ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ያስነሣው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እዚህ የሚመረመረው ግን ሐሳቡ እንጂ የጸሐፊው ማንነት አይደለም።) ስለ ዋሻው የጻፉ ብዙዎች የሚያደንቁት የምርምሩን ድፍረት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ወንበሩንም፣ ደቀ መዛሙርቱንም፣ ስሙንም ያጣ ስደተኛ፣ ዳዊቱን እየደገመ፣ ፈጣሪ ልቡና የሰጠው ፍጡር መሆኑን ብቻ ይዞ ራሱን ሳይንቅ መኖሩ ነው። ክብሩን የሰጠው ሹም ስላልነበረ፣ ሹም ሊነሣው አልቻለም።

ይህ አሳብ የሚፈተነው ግን በዋሻው ሳይሆን በእንፍራዝ፣ በባለጸጋው በሀብቱ ቤት ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ መጽሐፍ እየገለበጠና የጌታውን ልጆች እያስተማረ ሲኖር፣ ሂሩት የምትባለውን የቤቱን ገረድ ለማግባት ፈለገ፤ መልከ መልካም እንዳልነበረች ሳይሸሽግ፣ ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ትዕግሥተኛ መሆኗን ይመሰክርላታል። ሀብቱ ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን ብሎ በቸርነት ሲለቃት፣ እርሱ ስጦታውን በዚያ ስም አልተቀበለም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ስለሆኑ ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም አለ። በእኔ ግምት በመላው ሐተታ ከዚህ የሚበልጥ ነገረ መለኮት የለም፤ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው የሚለውን ቃል በምሁራን ጉባኤ መናገር ቀላል ሲሆን፣ እንጀራ በሚበሉበት ቤት፣ በአሳዳሪው ፊት፣ ስለ አንዲት ገረድ መናገር ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ሆኖም አንባቢ አንድ ነገር ሳይቆጨው አያልፍም፤ የሂሩትን ነገር የምንሰማው በባሏ ብዕር ብቻ ነው። ስትታዘዝ የኖረች ሴት፣ እኩል ነሽ የተባለችበትን ቀን በልቧ እንዴት እንደተቀበለችው፣ በጸሎቷስ ራሷን በማን ስም ትጠራ እንደነበር መጽሐፉ አይነግረንም። ይባስ ብሎ፣ በዚያው ቤት ያደገው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት የራሱን ሐተታ ጽፎ ስለ ትዳር ሲመክር፣ የሰውን ሁሉ እኩልነት ከመምህሩ ተቀብሎ ሳለ፣ ሴትን በተፈጥሮዋ ደካማ አድርጎ ይገልጻታል።