ስምንት መቶኛ ሚሊሜትር

ጠዋት ማልዶ በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ የሚመጣ ሰው ያየ ሁሉ ቤንዚን ያለቀበት ይመስለዋል። አንዳንዱ ግን የሚገፋው ደህና ሞተር ነው። ቫልቭ ሊያስፈትሽ ስለሆነ ማስነሳት አልፈለገም፤ ሞተሩ ሌሊቱን እንደበረደ ከባለሙያው እጅ መግባት አለበት። ጥቂት መንገድ ቢነዳው እንኳ ብረቱ ይሞቃል፣ የሞቀ ብረት ይለጠጣል፣ በተለጠጠ ብረት ላይ የተገኘ ልኬት ደግሞ አይታመንም። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት መዳፉን በሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ ያሳርፋል። ለብ ካለው ሞተሩን ጥላ ሥር ያቆመውና ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል። ባለቤቱ ቢለምነውም አይከፍተውም።

የሚለካው ባዶ ቦታ ነው። በባለ አራት ስትሮክ ሞተር ውስጥ ሁለት በሮች አሉ፤ አንዱ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ያስገባል፣ ሌላው ጭሱን ያስወጣል። እነዚህን ቫልቮች ሮከር የሚባለው ክንድ ጫፉን እየጫነ ይከፍታቸዋል፣ ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋቸዋል። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ በሮከሩ ጫፍና በቫልቩ ዘንግ መካከል ትንሽ ክፍተት መቅረት አለባት። በሆንዳ ሲጂ 125 ላይ ይህች ክፍተት 0.08 ሚሊሜትር ናት፤ አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ተከፍሎ ስምንቱ እጅ። ሞተሩ ሲግል ብረቶቹ ተለጥጠው የሚገቡባት ቦታ እሷ ናት።

ይህች ቦታ ከጠበበች ምን እንደሚሆን ማወቅ የመካኒኩን ጥንቃቄ ለመረዳት ይጠቅማል። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ይከፈታል፤ በሴኮንድ 66 ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ በእሳት ውስጥ የሚኖር ብረት ነው። የሚበርደው በዋናነት ተዘግቶ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሙቀቱን ለመቀመጫው አስረክቦ እንደገና ይነሳል። ክፍተቱ ጠፍቶ ሮከሩ ቫልቩን በጥቂቱም ቢሆን ደግፎ ከያዘው በሩ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። የሚነደው ጋዝ በዚያች ስንጥቅ ይሾልካል፣ ጠርዙን ይልሰዋል፣ በመጨረሻም ያቃጥለዋል። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ሁሉ ያለ ድምፅ መሆኑ ነው። የላላ ቫልቭ ጠቅ ጠቅ እያለ ራሱን ያጋልጣል። የጠበቀ ቫልቭ ግን ጸጥ ብሎ ይነድዳል፤ ሞተሩም እየሞተ ሳለ ከወትሮው የተሻለ ይመስላል።

በዚህ የተነሳ መካኒኩና ደንበኛው ስለ ድምፅ አይስማሙም። ደንበኛው ሞተሩ እንደ አዲስ ዝም እንዲል ይፈልጋል፤ ሥራውንም የሚመዝነው በጆሮው ነው። «ጋሼ፣ አሁንም እኮ ትንሽ ይሰማኛል» ይላል። የሮከሩን ማስተካከያ ቪቴ ጥቂት አጥብቆ ያንን ድምፅ ማጥፋት ለማንም ቀላል ነው፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄድ ነበር። እኔ ጨዋ መካኒክ የምለው በዚች ሰዓት እጁን የሚሰበስበውን ነው። ስስ፣ እኩል የሆነና የማይቆራረጥ ጠቅታ መሰማት እንዳለበት ያስረዳል፣ ደንበኛው ቢያኮርፍም አይለውጠውም።

አሁን ወደ እጁ እንመለስ፤ ሙያው የሚታየው እዚያ ነው።

በመጀመሪያ የሚያነሳው መፍቻ ሳይሆን ብሩሽ ነው። የቴስታታው ሽፋን ዙሪያ የመርካቶ አቧራና የዘይት ቅባት ተጋግሮበታል፤ ሽፋኑ ሲነሳ ከዚያ አንዲት ቅንጣት ወደ ውስጥ ብትወድቅ ለሞተሩ ጠላት ናት። ስለዚህ በቤንዚን በተነከረ ብሩሽ የቡሎኖቹን ራስ ሳይቀር ያጥበዋል፣ በጨርቅ ያደርቀዋል። ቀጥሎ ካንዴላውን ይፈታል፤ የታመቀው አየር መውጫ ሲያገኝ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። ከዚያ ሞተሩን በመሐል እግሩ አቁሞ የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ ያስገባና የኋላውን ጎማ በመዳፉ ቀስ እያለ ያዞራል። ጎማው ሲዞር ፒስተኑ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሮከሮቹም ተራ በተራ ይጎነበሳሉ።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በማግኔቱ ጎማ ላይ የተቀረጸው የ«ቲ» ምልክት ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን ያሳያል። ይሁን እንጂ ፒስተኑ በአንድ ሙሉ ሥራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ አየሩን አምቆ፣ አንዴ ጭሱን አስወጥቶ። በመጀመሪያው ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል። በሁለተኛው አንዱ ሊዘጋ ሲል ሌላው መከፈት ጀምሯል፣ ስለዚህ ሁለቱም በትንሹ ተጭነዋል። በዚህኛው ላይ ቆሞ የሚያስተካክል ሰው ሐሰተኛ ክፍተት ይሠራል። ባለሙያው ምልክቱን ብቻ አያምንም። የማስገቢያው ሮከር ሲጎነበስና ሲነሳ ይጠብቃል፣ አውራ ጣቱን ካንዴላው በነበረበት ቀዳዳ ላይ አድርጎ የአየሩን ግፊት ይሰማል፣ ከዚያ ወደ ምልክቱ ይመለሳል። በመጨረሻ ሁለቱን ሮከሮች በጣቶቹ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃቸዋል። ሁለቱም በጥቂቱ ከተንቀሳቀሱ ቦታው ትክክል ነው።

ከዚያ ፊለር ጌጁ ይመጣል። ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ እጀታ ላይ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። የ0.08 ቅጠሉን በጨርቅ ጠርጎ፣ ጠብታ ዘይት አስነክቶ ከሮከሩ ሥር ያስገባል። ቅጠሉ ሲገባ መቆም የለበትም፣ እንደልቡ መንሸራተትም የለበትም። ሲሳብ ጣት ላይ የሚሰማ ትንሽ መያዝ አለ። ያንን መያዝ በቁጥር መጻፍ አይቻልም፤ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የሚተላለፈው ሙያውን የሚማረው ልጅ አጠገብ ቆሞ፣ መካኒኩ «እስቲ አንተ ሳበው» ሲለው ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን የ0.10 ቅጠል ይሞክራል። እሱ አልገባም ካለ ልኩ ተገኝቷል። አንዱ ገብቶ ሌላው ሲከለከል የማየት ጥንቃቄ ጥሩውን መካኒክ ከግዴለሹ ይለየዋል። ግዴለሹ አንዱ ስለገባ ብቻ ሽፋኑን ይመልሳል።

ማስተካከል ካስፈለገ ሥራው ይረቅቃል። በሮከሩ ጫፍ ላይ ማስተካከያ ቪቴ አለች፣ እሷን ቆልፎ የሚይዝ ዳዶ አለ። ቪቴዋ በአንድ ሙሉ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር የምትጓዝ ከሆነ፣ አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ለማግኘት መዞር ያለባት ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ የሰዓት ረጅሙ ቆጣሪ ከአንድ ደቂቃ ወደ ቀጣዩ ከሚሄደው ብዙም አይበልጥም። ችግሩ ዳዶው ሲጠብቅ ቪቴዋን አለመተዉ ነው። ወይ ይዟት ሊዞር ይሞክራል፣ ወይ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ልቅነት እየዋጠ ወደ ላይ ይስባታል። ልኩ ላይ አቁሞ ዳዶውን ያጠበቀ ሰው ሲለካ ሌላ ቁጥር ያገኛል። የለመደ እጅ ይህን አስቀድሞ ያስባል፤ ዳዶው የሚወስደውን ያህል ለዳዶው ትቶ ያቆማታል፣ ሲጠብቅ እልኩ ላይ ትመጣለች። ያም ሆኖ ደግሞ ይለካል። መካኒኩ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሲያስር አይቼ ፊቱ ላይ ትዕግሥት ማጣት አላየሁም።

የአሮጌ ሞተር ሌላው ምሥጢር ጉድጓዱ ነው። ዓመታት ሲደበድባት የኖረች ቪቴ ፊቷ ጠፍጣፋ ሆና አትቀርም፤ የቫልቩ ዘንግ መሐሏን ጎድጎድ ያደርገዋል። ጠፍጣፋ ቅጠል በዚያ ጉድጓድ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ያልፋል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ልኩ 0.08 ነው ይላል፤ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ይበልጣል። መጽሐፉን ተከትሎ የሠራ ሰው ሞተሩ ለምን እንደሚንኳኳ ግራ የሚገባው በዚህ ነው። ባለሙያው ቪቴዋን አውጥቶ ፊቷ ላይ ጥፍሩን ያስኬዳል፤ ጥፍሩ ከተያዘ ጉድጓድ አለ። በድንጋይ ሞርዶ ማስተካከል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብረቱ ጥንካሬ በላይኛው ስስ ሽፋኑ ላይ ስለሆነ የተሞረደች ቪቴ ብዙም ሳትቆይ ከበፊቱ የባሰ ትጎደጉዳለች። ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ ሣጥኑ ያወጣቸውን እያገላበጠ ጠፍጣፋዋን ይመርጣል። ከሌለው ልጁን ወደ ጎረቤት ሱቅ ይልካል። ሶማሌ ተራ በዚህ ረገድ የታደለ ቦታ ነው፤ የተፈታ ሞተር ዕቃ በየደጁ ስለተዘረጋ መካኒኩ ጥሩውን ከመጥፎው የመለየት ዓይን ካለው የሚፈልገውን ለማግኘት ሩቅ አይሄድም።

መሣሪያዎቹም የእጁ ሥራ ናቸው። የሮከሩ ጫፍ ጠባብ ቦታ ላይ ከሆነ የፊለር ጌጁ ቅጠል ስለሚሰፋ አያስገባም። መካኒኩ አንዱን ቅጠል በመቀስ ሰንጥቆ አጥብቦታል፣ ጠርዙን በድንጋይ አለስልሶታል፣ ጫፉን ደግሞ ጥቂት አጥፎታል። የቪቴዋን አራት ማዕዘን ራስ የሚይዝለትን ትንሽ ቁልፍም ከቁርጥራጭ ብረት ራሱ ሞርዶ አውጥቷል። ጥቂት እርምጃ አልፎ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮና በርሜል ወደ ምድጃና ወደ ባልዲ ሲለወጥ የሚውልበት ሰፈር ነው፤ እዚህ ብረት አይጣልም። እጁ የተባረከ ሰው የጎደለውን መሣሪያ ፋብሪካ እስኪያመጣለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ሲጂ ራሷ ክብር የሚገባት ማሽን ናት። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣት በታዳጊ አገሮች ሰዎች ሞተርን እንዴት እንደሚነዱ ከተመለከተ በኋላ ነው፤ ጭነት ይበዛል፣ አቧራ ይበዛል፣ ዘይት የሚቀየረው ዘግይቶ ነው። መሐንዲሶቹ ካምሻፍቱን ከቴስታታው አውርደው ታች፣ ዘይቱ አጠገብ አስቀመጡት። የካም ሰንሰለት ቀረ፤ አንድ ካም ሁለቱንም ቫልቮች በረጃጅም ዘንጎች አማካይነት ያንቀሳቅሳል። ቻይናዎች የቀዱት ሞተር ይህ በመሆኑ ዛሬ በየከተማው በሌላ ስም የሚሄደው ብዙ ሞተር ሳይክል ውስጡ ሲጂ ነው። የመስክ ሠራተኞች በየገጠሩ የነዷቸው ያማሃ ኤጂ 100ና ዲቲ 125 ባለ ሁለት ስትሮክ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ቫልቭ የላቸውም፤ ለዚህ ሥራ አይመጡም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ልፋት ከቦታ ቦታ የሚለይ ዋጋ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ትንሽ ሞተር ከመነሻው ጉልበቱን ተቀንሶ ነው እዚህ የሚሠራው። ከቀረችው ጉልበት ላይ ደግሞ ባልገጠመ ቫልቭ በኩል ሲሾልክ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ ነጂው ማርሽ እየቀነሰ ያዘግማል። ከሥራው በኋላ ያው ሞተር ያንኑ ዳገት በአንድ ማርሽ ከፍ ብሎ ሲወጣ ያየሁ ሰው ነኝ። ከሁለት ቪቴዎች ጥቂት ዲግሪ መዞር በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ሙያው ግን ዘመኑ እየጠበበበት ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ አገደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር መግባታቸው እንዲቆም ተወሰነ፤ ኤሌክትሪክ የሚነዳቸው ሞተር ሳይክሎችም ከመንገዱ ድርሻቸውን እየያዙ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ የሚከፈት ቫልቭ የለም። አዳዲሶቹ የቤንዚን ሞተሮችም ብዙዎቹ ክፍተቱን በቪቴ ሳይሆን በሚቀያየሩ የተለኩ ስስ ብረቶች የሚያስተካክሉ ናቸው። ስለዚህ የ0.08 ቅጠል ሲሳብ ያለችውን መያዝ የሚያውቁ ጣቶች አሁን ያሉት አሮጌ ሞተሮች እስካሉ ድረስ ነው ሥራ የሚያገኙት። ይህን ስጽፍ ያሳዝነኛል፤ አየሩ እንደሚጠራም አውቃለሁ።

ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ነገር ይቀራል፤ ከሥራው ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። መካኒኩ የሞተር ሳይክሉን የጎን ሽፋን ፈትቶ በውስጠኛው ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ኪሎሜትሩን፣ ሲከፍት ያገኘውን ልክና ሲዘጋ የተወውን ልክ፣ ለማስገቢያው ለብቻ፣ ለማውጫው ለብቻ። ከላይ የቀደሙት ምርመራዎች ቁጥሮች ተደርድረዋል። የማስገቢያው ሁልጊዜ ትንሽ ሰፍቶ ይገኛል፣ ይህ የተለመደ መበላት ነው። የማውጫው ግን በየጊዜው ጠብቦ ከተገኘ፣ 8 የተተወው 7፣ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 5 ሆኖ ከመጣ፣ ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ገና በአንድ ምት ይነሳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ባለቤቱም ምንም አልተሰማውም። መካኒኩ ልኩን ወደ 8 ይመልስለትና ቴስታታውን ከክረምቱ በፊት እንዲያስከፍት ይነግረዋል፤ አሁን ከሆነ ቫልቩንና መቀመጫውን እንደገና ማጣጣም ይበቃል፣ ጠርዙ ከተቃጠለ በኋላ ግን ሁለቱንም መግዛት ነው።