በኹለት የመረጃ ቋቶች መካከል ስለሚላክ ፋይል የቀረበ ሒስ

የመረጃ ቋት የሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ዕድሜው እንደ ብራና አይደለም። ሠሪው ሥራውን ያቆማል፥ ወይም የተሻለ ይወጣል፤ ያን ጊዜ በአሮጌው የተጻፈው ኹሉ ወደ ዐዲሱ መሻገር ይኖርበታል። ኹለቱ ግን የውስጥ አሠራራቸው ስለሚለያይ፥ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ በመካከላቸው ኹለቱም የሚያውቁት ፋይል ይቆማል። ከመካከለኞቹ ኹሉ የተለመደው ሲኤስቪ ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ረድፍ ሰጥቶ ዐምዶቹን በላቲን ኮማ የሚለይ ተራ ጽሑፍ ነው። በማንኛውም ኮምፒዩተር ስለሚከፈት፥ ሠሪው ቢጠፋም ስለሚነበብ ይመሰገናል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን የግእዝና የዐማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር በዚህ መንገድ የሚሻገር ከኾነ፥ ፋይሉ የሚሸከመውንና የሚጥለውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲኤስቪ ፊደሉን ይሸከማል እንጂ ሕጉን አይሸከምም። በመረጃ ቋት ውስጥ እያንዳንዱ ዐምድ ሕግ አለው፤ ይህ ቍጥር ነው፥ ያ ቀን ነው፥ ይህ ባዶ ሊኾን አይችልም፥ ያኛው በሌላው ሠንጠረዥ ካለው ስም ጋራ መስማማት አለበት ይላል። ወደ ፋይሉ ሲወጣ ኹሉም ተራ ፊደል ይኾናል፤ ተቀባዩም ሕጉን ከሌላ ቦታ ካላገኘው ይገምታል። አጻጻፉን የሚገልጽ የጋራ ሰነድ፥ አርኤፍሲ 4180 የተባለው፥ የወጣው ገና በ2005 ነው (ዓመታቱ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው፤ ሌላ ሲኾን ይገለጻል)። እርሱም የነበረውን ልማድ መዘገበ እንጂ ማንንም አላስገደደም።

በዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። የአባቶች ሥርዐተ ነጥብ ለዚህ ፋይል የተመቸ ኾኖ ይገኛል። ነጠላ ሠረዝ ከላቲኑ ኮማ የተለየ ምልክት ስለ ኾነ፥ በነጠላ ሠረዝ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ዐምዱን አይሰብርም፤ ትእምርተ ጥቅሱም «» ከላቲኑ ጥቅስ ጋራ አይጋጭም። ጕዳቱ የሚመጣው ጸሓፊው በዐማርኛው መካከል የላቲን ኮማ ሲያስገባና ላኪው ዐምዱን በጥቅስ ሳያጥር ሲቀር ነው። ያን ጊዜ የጸሓፊው ስም በቦታ ስም ዐምድ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

የፊደል ነገር ግን ከዚህ ይከፋል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የዐማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በላቲን ቍጥሮች ላይ በየራሳቸው ደልድለው ይሠሩ ነበር፤ ዐማርኛ የሚያስመስለው የፊደሉ መልክ እንጂ በውስጥ የተጻፈው ቍጥር አልነበረም። ሲኤስቪ ደግሞ የፊደል መልክ አይሸከምምና፥ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሲሻገር ትርጕም የሌለው የላቲን ድርድር ይኾናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢኾን ከአደጋ ነጻ አይደለም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ተቀባዩ የምዕራብ አውሮጳ ኮድ ነው ብሎ ቢያነበው አንዱ «ሀ» ሦስት እንግዳ ምልክት ኾኖ ይወጣል። ይህ መልኩ ቢያስከፋም ይድናል፤ ባይቶቹ ስላልጠፉ በትክክለኛው ኮድ እንደ ገና ማንበብ ይቻላል። የማይድነው ተቀባዩ የማያውቀውን ፊደል ኹሉ በጥያቄ ምልክት ሲተካ ነው። የጥያቄ ምልክት ኹሉ አንድ ስለ ኾነ፥ ከእርሱ ተነሥቶ «ሠ» ይኹን «ሰ» መለየት ቀርቶ ቃሉን ማወቅ አይቻልም።

ከዚህም በላይ የሚያስፈራው ሳይታወቅ የሚያልፍ ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጳጕሜን 3 ቀን 1950 ዓመተ ምሕረት በአንድ መዝገብ 3/13/1950 ተብሎ ተጽፎ ይኾናል። ዐሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ኮምፒዩተር አልቀበልም ቢል መልካም ነበር፤ ነገር ግን ወርን ከቀን አስቀድሞ ማንበብ የለመደ እንደ ኾነ ያለ ምንም ተቃውሞ የአውሮጳ ማርች 13 ቀን 1950 ብሎ ይመዘግበዋል። እውነተኛው ቀን ግን ሴፕቴምበር 8 ቀን 1958 ነው፤ የስምንት ዓመት ተኩል ያህል ልዩነት ያለ አንዳች ምልክት ገባ ማለት ነው። ፋይሉ መንገድ ላይ በኤክሴል ተከፍቶ እንደ ገና ከተቀመጠም ሌላ ጕዳት ይጨመራል፤ 007 የተባለ የመጽሐፍ መለያ 7 ይኾናል፥ ከ1900 በፊት ያለውንም ዘመን ኤክሴል ቀን ነው ብሎ አያውቀውም። (ይኸው ፕሮግራም ሎተስ 1-2-3 ከተባለው ቀዳሚው ጋራ ለመስማማት ሲል 1900ን ሠግር ዓመት አድርጎ ይቈጥራል።) የሰው ጂን ስሞችን የሚሰይመው ኮሚቴ እንኳ፥ ማርች1 እና ሴፕት1 የተባሉት ስሞች በኤክሴል ወደ ቀን እየተለወጡ ስላስቸገሩ፥ በ2020 ማርችኤፍ1 እና ሴፕቲን1 ብሎ ለውጧቸዋል። ሳይንስ ለፕሮግራሙ ልማድ ስሙን ለቀቀ።

ባዶ ቦታም የራሱ ትርጕም አለው። በብራና ዝርዝር ውስጥ የጸሓፊው ስም ዐምድ ባዶ ቢኾን፥ መጽሐፉ ታይቶ ስም አልተገኘበትም ማለት ሊኾን ይችላል፤ ገና አልታየም ማለትም ሊኾን ይችላል። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ነል የሚባለውን ያልታወቀ ነገር ከባዶ ጽሑፍ ይለያል፤ ሲኤስቪ ሲጽፍም ነሉን እንዲያው ይተወዋል፥ ባዶውን ጽሑፍ ግን በጥቅስ ያጥረዋል። ኦራክል ግን ባዶውን ጽሑፍ እንደ ነል ይቈጥራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወደ ኹለተኛው የተሻገረ ዝርዝር፥ ማንም ሳይሳሳት፥ ኹለቱን ፍሬ ነገሮች አንድ ያደርጋል፤ ያልተመረመረው መጽሐፍም እንደ ተመረመረ ተቈጥሮ ይቀራል።

የዚህ ዐይነቱ ግድፈት ከመጻሕፍት አልፎ ሰው የሚጐዳ መኾኑ በእንግሊዝ አገር በ2020 ታይቷል። የኮሮና ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪዎች በሲኤስቪ ይላክ ነበር። የመንግሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት ውጤቱን ወደ ማዕከላዊው መዝገብ ለማስገባት ኤክስኤልኤስ በተባለው አሮጌ የኤክሴል ፋይል ይቀበለው ነበር፤ ያም ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው ተቈርጦ ቀረ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ድረስ የ15,841 ሕሙማን ስም ሳይደርስ ቈየ፤ ሕሙማኑ ውጤታቸውን ቢሰሙም ከእነርሱ ጋራ የተገናኙት ሰዎች በጊዜው አልተፈለጉም። እዚህ ላይ ሲኤስቪን መውቀስ አይገባም፤ እርሱ ያመጣውን አምጥቷል። የጐደለው፥ የተላከውን ረድፍ ቈጥሮ ከገባው ረድፍ ጋራ የሚያስተያይ ነው።

ሲኤስቪን ጥሎ ሌላ መያዝ ይሻላልን? ጄሰን ነልን ከባዶ ይለያል፥ ለቀን ግን ሕግ የለውም። ኤክስኤምኤል ቃሉ ይረዝማል፥ ነገር ግን እያንዳንዱን ነገር በስሙ ይጠራል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የኢትዮጵያ ብራናዎች ጥናት ቲኢአይ የሚባለውን የኤክስኤምኤል ሥርዐት መርጧል፤ በዚያ ሥርዐት አንድ መጽሐፍ ከዚህ ዓመት በፊት አልተጻፈም፥ ከዚያም አያልፍም ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለብራና ዝርዝር ይህ ምርጫ የተሻለ ነው፤ የብራና ዘመን ብዙ ጊዜ ግምት እንጂ ቀን አይደለምና። ለስምና ለቍጥር ብቻ ሲኤስቪ ይበቃል፤ የእያንዳንዱን ዐምድ ሕግ፥ የፊደሉን ኮድ፥ የዘመኑን አቈጣጠርና የረድፉን ብዛት የሚናገር ሌላ ወረቀት ግን አብሮት መሄድ አለበት።

ጥሩ ቍም ጸሓፊ የገለበጠውን ከመነሻው ጋራ ሳያመሳክር መጽሐፉን አይጠርዝም። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ዐዲሱ መዝገብ የተቀበለውን በዚያው መልክ እንደ ገና ወደ ፋይል እንዲያወጣ ይደረግና ከመጀመሪያው ፋይል ጋራ መስመር በመስመር ይተያያል። የተለየ መስመር ቢገኝ ዳኛው አሮጌው መዝገብ ነው፤ ስለዚህ ማመሳከሩ እስኪያልቅ ድረስ አሮጌው አይዘጋም።