ያልተጠረበ ዕንቍ
ስለ አንድ የጃፓን ፊልም የቀረበ ሂስ

ተማሪ በፈተና በወደቀ ጊዜ በየቤቱ የሚሰማው ንግግር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ተግሣጽ ነው፤ «ከእንግዲህ ሰው አትሆኚም» ይላል። ሁለተኛው ማጽናኛ ነው፤ «ምንም አይደለም፤ ሁሉም ለበጎ ነው» ይላል። ተግሣጹ ውጤቱን የሕይወት ፍርድ ያደርገዋል፤ ማጽናኛው ደግሞ ከነጭራሹ እንዳልነበረ ይቈጥረዋል። ልጅቱ ነገ ጧት ተነሥታ ምን እንደምትሠራ ግን ሁለቱም አይነግሯትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ መካከል 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ይህ ንግግር በስንት ቤት እንደ ተነገረ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

በዚህ ጕዳይ ላይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ ያየሁት አንድ የጃፓን ፊልም ነው። ስሙ በጃፓንኛ «ጆሮ ሰጥተው ቢያዳምጡ» እንደ ማለት ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ «የልብ ሹክሹክታ» በሚል ስም ይታወቃል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 በስቱዲዮ ጂብሊ የተሠራ፥ በተዋንያን ሳይሆን በሥዕል የሚንቀሳቀስ ፊልም ነው። ታሪኩ የተወሰደው አኦይ ሂይራጊ ከተባለችው ደራሲ የሥዕል ልብ ወለድ ነው፤ ለፊልም እንዲሆን አድርጎ የጻፈው ሃያኦ ሚያዛኪ ሲሆን፥ ዲሬክተሩ ዮሺፉሚ ኮንዶ ነው። ኮንዶ በ1998 በ47 ዓመቱ ስላረፈ በዲሬክተርነት የሠራው ረጅም ፊልም ይኸው አንዱ ብቻ ነው። በሥዕል የተሠራውን ሁሉ የሕፃናት መጫወቻ ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ሺዙኩ በቶኪዮ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከቤተ ሰቧ ጋር የምትኖር የ14 ዓመት ልጅ ናት። በጃፓን ግዴታ የሆነው ትምህርት 9 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት የሚገባው በመወዳደሪያ ፈተና ነው። ሺዙኩም ዘጠነኛው ዓመት ላይ ደርሳለች። አባቷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ እናቷ ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ የምትማር ናት፤ ታላቅ እኅቷም እንዲሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሺዙኩ የምትዋሳቸውን መጻሕፍት ሁሉ ከእርሷ አስቀድሞ አንድ ሰው እንደ ተዋሳቸው በመዋሻ ካርዱ ላይ ከሰፈረው ስም ትረዳለች። እኔ በመዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ስለ ሆንሁ ይህ አጀማመር ልቤን ነክቶታል፤ በካርድ ላይ የሰፈረ ስም ሰውን ከሰው ሲያገናኝ ማየት ለእኛ ሥራ ታላቅ ክብር ነው።

ባለ ስሙ ሴይጂ የሚባል የዕድሜ እኩያዋ ሆኖ ይገኛል። ይህ ልጅ የቫዮሊን ሠሪ ለመሆን ቈርጧል፤ ለ2 ወር ሙከራ ወደ ኢጣልያ አገር፥ ወደ ክሬሞና ከተማ ይሄዳል። ሺዙኩ እርሱ መንገዱን እንዳወቀ፥ እርሷ ግን ምንም እንደሌላት ስታስብ ታፍራለች። ከዚህም የተነሣ እርሱ እስኪመለስ ድረስ አንድ ልብ ወለድ ጽፋ ራሷን ልትፈትን ትወስናለች። ሌሊቱን ስትጽፍ ታነጋለች፤ ቀን በክፍል ውስጥ የመምህሩ ድምፅ አይሰማትም። በመጨረሻም የፈተና ደረጃዋ 100 ያህል ሰው ወደ ኋላ ይወርዳል። እኅቷ ስትቈጣት «እንግዲያው ወደ ሁለተኛ ደረጃ አልገባም» ብላ እስከ መመለስ ትደርሳለች።

የፊልሙ ዋና ቦታ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አባትና እናት ልጃቸውን ከጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው ይጠይቋታል። አባትየው የያዘችው ነገር አሁኑኑ ካልሆነ የማይሆን እንደ ሆነ ይመረምራል። ልጅቱ ምን እንደምትጽፍ እንኳ ገልጣ ለመናገር አትችልም፤ ነገር ግን የቀረችው ቀን የተቈጠረች መሆንዋን ታስረዳለች። አባትየውም ይፈቅድላታል፤ ዳሩ ግን ከሰው የተለየ መንገድ የሚይዝ ሰው መከራ ቢደርስበት በማንም ሊያሳብብ እንደማይችል ያስጠነቅቃታል። እናትየዋም ከማዕድ እንዳትቀር ታሳስባታለች። አባት ነጻነትንና ኀላፊነትን በአንድ እጅ ሲሰጥ በብዙ መጽሐፍ ፈልጌ እንዲህ አጥርቶ ያሳየኝ አላገኘሁም።

ይህን ስመለከት የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳላገኝ ቀርቻለሁ። ውጤቱ በታወቀ ቀን አባቴ ምሳቸውን ሳይበሉ ተነሥተው ወጡ፤ እናቴም ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስለ ፈተናው ያነሣ ሰው የለም። አልመቱኝም፤ አልሰደቡኝም። ነገር ግን «ምን ልትሠራ ታስባለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም። የሺዙኩ አባት ሲጠይቃት ለእኔ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የደረሰ ጥያቄ መስሎ ተሰማኝ።

ፊልሙ ልጅቱን አያሞካሻትም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ ኒሺ ገና መጻፍ ስትጀምር አንድ ድንጋይ ያሳዩአታል፤ ውስጡ በብርሃን ሲታይ ያልተጠረበ አረንጓዴ ዕንቍ አለበት። ጽሑፏን በጨረሰች ጊዜ አሁኑኑ እንዲያነቡላት ለምና፥ እርሷ በውጭ በብርድ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሽማግሌው ካነበቡ በኋላ ልጅቱ ራሷ ሥራዋ የተዘበራረቀ መሆኑን ትናገራለች። ሽማግሌውም አይክዱም፤ ገና ያልተጠረበና ያልተፈጸመ መሆኑን አረጋግጠው፥ ስለ ድካሟ ግን ያመሰግኗታል። ያን ጊዜ ታለቅሳለች። ለመጻፍ ፍላጎት ብቻውን እንደማይበቃና ገና ብዙ መማር እንደሚገባት ተረድታ፥ ማንም ሳያስገድዳት ወደ ፈተና ጥናቷ ትመለሳለች። ስለዚህ ፊልሙ ልጆችን ከትምህርት ያስኰበልላል ብሎ የሚፈራ መምህር ቢኖር ፍርሃቱ ከንቱ ነው። ልጅቱ ትምህርትን የፈለገችው ምን እንደሚጐድላት በገዛ ሥራዋ ካየች በኋላ ነው።

ፊልሙ ጕድለት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። በመጨረሻ ሴይጂ ከኢጣልያ ተመልሶ ፀሓይ ስትወጣ የጋብቻ ጥያቄ ያቀርብላታል፤ እርሷም ትቀበላለች። ልጅቱ ራሷን ችላ መቆም በጀመረችበት ሰዓት ታሪኩን በጋብቻ ቃል መዝጋት ድካሟን ያሳንሰዋል። ደግሞም ሁሉ ነገር እጅግ ተመቻችቶላታል። ቤቷ በመጻሕፍት የተሞላ ነው፤ የምትጽፍበት ጠረጴዛ አላት፤ ሥራዋን ተቀምጠው የሚያነቡላት ሽማግሌም አሏት። ውሃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ታናናሾቿን አስተኝታ ደብተር የምትገልጥ የገጠር ልጃችን ይህን ስታይ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብትል አልፈርድባትም።

ሆኖም የሺዙኩ አባት ለልጁ የሰጠው ነገር ተቈጥሮ ቢታይ ጥያቄ፥ ቀነ ገደብና ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ይህ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። መጽሐፍ በሌለበት ቤትም ሊገኝ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ውጤት በሚነገርበት ቀን አባት የሆነ ሁሉ ምሳውን ትቶ ከመነሣቱ በፊት ልጁን ከአጠገቡ አስቀምጦ ይጠይቅ፤ መልሱ ገና ያልተጠረበ ቢሆን እንኳ እስኪያልቅ ድረስ ያድምጥ።