ጅብና ተማሪን የሚለይ ውሻ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደገ ትልቅ ውሻ ወደ አዲስ ቤት የሚገባው በጎረቤትና በዘመድ በኩል ነው። ቤተሰቡ ኑሮውን ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ያዞራል፤ በጎቹ ይሸጣሉ፤ አለዚያም ልጆች ሲያቅፉት የነበረው ቡችላ በሰባት በስምንት ወሩ ሰው ገፍቶ መጣል ይጀምርና «ውሰዱልን» ይባላል። እንዲህ ያለውን ውሻ ተቀብሎ ለደጅ ማብቃት ቡችላ ከማሳደግ የተለየ ሥራ ነው፤ ግማሹ ትምህርት በሌላ ሰው እጅ አልፏልና።

ትልቅ ውሻ የሚፈለገው በጅብና በነብር ምክንያት ነው። የጎለመሰ ጅብ ግን ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 70 የሚደርስም አለ። በቱርክ ለበግ ጥበቃ የሚረባው ካንጋል የተባለው ውሻ ከ50 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል ከአውሬ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። የደጋው ውሻ ቁመት ቢኖረውም ሰውነቱ ደረቅ ነው፤ ከጅብ ጋር ብቻውን ከገጠመ የሚበላው እሱ ነው። ሥራው ቀድሞ መስማት፣ ከጋጣው ሳይርቅ መጮህ፣ ባለቤቱ ባትሪና ዱላ ይዞ እስኪወጣ አውሬውን ማዘግየት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጆሮና ልብ ነው። ቁመቱን ብቻ አይቶ የወሰደ ሰው ቀን መንገደኛ የሚያባርር፣ ሌሊት ምድጃ ዳር የሚተኛ ውሻ ቢደርሰው ሊገርመው አይገባም።

ውሻውን ከመውሰድ በፊት በቀድሞ ባለቤቱ ደጅ፣ ቀንም ማታም ማየት ይበጃል። ጣሳ ወድቆ ሲንኳኳ ደንግጦ ዘሎ፣ ወዲያው ተመልሶ የሚያሸት ውሻ ለትምህርት ይመቻል፤ ተደብቆ የሚቀረው ወይም ያገኘውን የሚነክሰው ግን አይመችም። ግልገል ሲያልፍበት ፊቱን ዞር የሚያደርገው ይመረጣል፤ አንገቱን ቀስሮ ዓይኑን የሚተክልበት ሊያሳድድ ነው። «ገና ቡችላ ነው» ሲባልም አፉን ከፍቶ ማየት ነው፤ የወተት ጥርስ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ረግፎ ያልቃል። ጆሮ መቁረጥ ውሻን ቁጡ ያደርጋል የሚለው እምነት መሠረት የለውም፤ የተቆረጠ ጆሮ የሚያመለክተው ውሻው የሰው እጅን የሚፈራበት አንድ ምክንያት እንዳለው ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ውሻው በመጀመሪያዎቹ ወራት እነማንን አየ የሚለው ነው። ውሻ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ያወቀውን ፍጡር ዕድሜውን ሙሉ ይለምደዋል፤ በዚያ ጊዜ ያላየውን ኋላ ለማስለመድ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ በጋይንቷ ቤተ ልሔም አካባቢ የተለየ ክብደት አለው። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዜማውን ሊያስመሰክር ከየአገሩ ተማሪ ይመጣል። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቱ የሚያየው የእግዚአብሔር እንግዳ ነው። ውሻው ግን የበግ ሌጦ የለበሰ፣ የበግ ጠረን ያለው፣ ዱላ የያዘና ከአጥር ሥር የሚጮህ ባዕድ ያያል። በተማሪ ላይ ቢጮህ አይፈረድበትም፤ ቢነክስ ግን ጥፋቱ የአሳዳጊው ነው።

ማስለመጃው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሳያቋርጡ ማድረጉ ነው። ተማሪው ሲጠራ ውሻው እንደታሰረ ባለቤቱ አጠገቡ ሆኖ ዝግ ባለ ድምፅ ያናግረዋል፤ ለተማሪው ቁራሽ ሲሰጥ፣ ውሻው ዝም ባለበት ቅጽበት ከዚያው እንጀራ ይጣልለታል። ከሳምንታት በኋላ ያ ድምፅ ምግብ የሚያመጣ ድምፅ ይሆናል። ሌሊት ደግሞ በተቃራኒው፣ በጮኸ ቁጥር ይወጣለታል፤ ጩኸቱ ከንቱ የሆነበት ውሻ መጮኹን ይተዋል። ልጆች ለጨዋታ «ያዘው!» እያሉ በመንገደኛ ላይ ከለቀቁት የወራት ልፋት በአንድ ከሰዓት ይፈርሳል። ውሻ የሚሮጥን ነገር ስለሚያሳድድ ልምድ ያለው ተማሪ አይሮጥም፤ ዱላውን ከፊቱ ተክሎ ባለቤት እስኪመጣ ይቆማል።

አዲሱ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደጃፉና በጋጣው መካከል ይታሰርና በጎቹን እያየና እያሸተተ ይውላል። ቀድሞ የሚቀርበው ከጠንካራ እናት በግ ጋር ነው፤ በግንባሯ ስትገፋው ከባለቤቱ ዱላ ይልቅ ያስተምረዋል። ግልገል ኋላ ይደርሳል። ካሳደደ በኋላ መምታት ምንም አያስተምርም፤ መከልከል የሚገባው ጆሮው ሲቆምና እግሩ ሳይነሣ ነው። ሲመሽ ይፈታል። ዓመቱን ሙሉ በሰንሰለት የሚያድር ውሻ ዘመድና ሌባ መለየት ያቅተዋል።

ትልቅ የሚሆን ውሻ አጥንቱ እስኪጠነክር ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። እስከዚያ ከበቅሎ ኋላ ገበያ ድረስ ማስሮጥ መገጣጠሚያውን ይጎዳል። የአመጋገቡ ችግር የሚጎላው በዓቢይ ጾም ነው፤ ቤቱ 55 ቀን ከወተትና ከሥጋ ሲታቀብ ውሻውም ሳይወድ አብሮ ይጾማል። ላም ያለው ሰው አጓቱንና አሬራውን ሊሰጠው ይችላል፤ ሽሮ የነካው እንጀራ ብቻውን ለሚያድግ ውሻ አይበቃም።

በፋሲካ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይወረወራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ በጉ፣ ከውሻው ፀጉር ወደ ልጆች እጅ ይሻገራል፤ በሰው ጉበት ውስጥም ያንኑ ከረጢት ያበጃል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ማቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት መቅበር የአሳዳጊው የዘወትር ግዴታ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚጀመረው ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ የተከተበ ለመሆኑ ማስረጃ የሌለው ውሻ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይወሰዳል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ የተነከሰው ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ውሻው ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። ጠበልም ሆነ የደብተራ መድኃኒት ክትባቱን ሊያዘገይ አይገባም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ይገድላል። በሽታው የዱር አራዊትንም አይምርም። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከመንደር ውሾች ተላልፎ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል። በዚያ የተወሰደው መፍትሔ በመንደሮቹ ያሉትን ውሾች በየጊዜው መከተብ ነው፤ በጉና ተራራ ግርጌ በግ ጠባቂ ውሻ ለሚያሳድግ ሰውም የሚሠራው ይኸው ነው።