ከገብስ ፍሬ ያነሰች ተጓዥ

ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ዘንገና እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ዳር እስከ ዳሩ ለዐይን ቅርብ ነው፤ ወደ ታች ግን 166 ሜትር ይጠልቃል። ፕሊዩሮማማ የምትባል የውቅያኖስ ፍጥረት የዚህን ጥልቀት እጥፍ የሚያህል መንገድ ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ላይ ትዋኛለች፤ ሳይነጋም ተመልሳ ትወርዳለች። በማግስቱም እንዲሁ። ይህች ተጓዥ ከገብስ ፍሬ ታንሳለች።

በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት አንድም ትርፍ ነገር አይገኝባትም። ገላዋ በአብዛኛው ብርሃን ያሳልፋል። ከራሷ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ሁለት ረጃጅም አንቴናዎች ደቃቅ ፀጉር አላቸው፤ ፀጉሩ ዓሣ ሲጠጋ የሚፈጠረውን የውሃ ንቅናቄ ቀድሞ ይለያል። ያኔ እግሮቿ ከኋለኞቹ ጀምረው ተራ በተራ ውሃውን ይመታሉ፤ እሷም ተፈናጥራ ትሰወራለች። በአንድ ጎኗ ብቻ ደግሞ ጥቁር ነጥብ አለች፤ በአንዳንዱ ዝርያ በቀኝ፣ በሌላው በግራ። ጠላት ከደረሰባት የሚያበራ ፈሳሽ ትረጫለች።

የጉዞው ሰዓትም የተለካ ነው። ምግቧ ያለው ብርሃን የሚያገኙ ደቃቅ ዕፅዋት በሚበቅሉበት የላይኛው ውሃ ነው፤ በዐይኑ የሚያድን ዓሣም ቀን ቀን እዚያው ያያታል። ስለዚህ ቀን በጨለማው ጥልቀት ትውላለች፣ ማታ ወጥታ ትበላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ጥልቀት የሚለኩ ሰዎች ቀን ዝቅ፣ ማታ ከፍ የሚል የሐሰት ወለል ገጥሟቸው ነበር፤ ኋላ ላይ እንደታወቀው ወለል የመሰላቸው የእንስሳት መንጋ ነው። መንጋው ላይ የበላውን ታች በትንፋሽና በኩስ ስለሚያወጣ ካርቦንን ከባሕሩ ገጽ ወደ ጥልቁ ያወርዳል።

በዳንግላ በኩል የሚወርዱ ወንዞች ከግልገል አባይ ጋር የሚገቡበት ጣና ለእንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ አይበቃም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃውም ደፍራሽ ነው። እዚያ የምትኖረው ዳፍኒያ ሉምሆልትዚ የምትባል ደቃቅ ፍጥረት መከላከያዋን በገላዋ ላይ ይዛለች፦ ራሷ ላይ ሹል እሾህ፣ ከኋላዋም ሌላ ረጅም እሾህ። ዓሣ በውሃው ውስጥ የሚተወውን ሽታ ስታገኝ እሾኋን ታስረዝማለች፤ ትንሽ አፍ ያለው ዓሣ ሊውጣት ይቸገራል። አንዷ አደጋን በጥልቀት ታመልጣለች፤ ሌላዋ ባለችበት ሆና በእሾኋ ትመክታለች። የሁለቱም ሥራ ለሚኖሩበት ውሃ ልክ የተሰፋ ስለሆነ ከማንኛውም ትልቅ ፍጥረት ባልተናነሰ አድናቆት ይገባዋል።