በጉ በግ ይሁን

በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ በግ ተራ የቆመ ሰው ሁለት ቋንቋ ይሰማል። አንደኛው ለእንስሳ የሚነገረው ነው፤ አጭር፣ ከጥርስና ከከንፈር የሚወጣ። አህያዋን «መጭ!»፣ ዶሮዋን «እሽ!»፣ ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ የማይጠፋውን ውሻ «ክላ!»። ሁለተኛው ሰው ከሰው የሚከራከርበት ነው። እሱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በሞት የተሞላ ነው። «እናቴ ትሙት፣ የገዛሁበትን ነው የነገርኩህ!» «ልጆቼን! ከዚህ አይወርድም።» «አፈር ስሆን ጋሼ፣ ትንሽ ጨምርና ውሰደው።» ገዢውም አይሰንፍም፤ «አንተ ትሙት፣ ያለኝ ይኸው ነው» ይላል፣ በሌላኛው ኪሱ ሌላ ብር እንዳለ ሁለቱም እያወቁ። ክርክሩ እስኪያልቅ እናት ሞታለች፣ አባት ሞቷል፣ ልጆች አልቀዋል፣ ሻጭና ገዢም ተራ በተራ ተገናንዘዋል። ሞቱ ያልተነሳው የበጉ ብቻ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ወግ ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው እንዲህ ያለችውን ነው። ብልጥ ናት፤ ብዙም ሳልለፋ ራሷ መጥታ ብዕሬ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ዓይነት። አንባቢው ፈገግ ይላል፣ «እውነትም!» ይላል፣ ገጹን ይገልጣል። በጉ ግን እዚያው ጠፋ። ምን ዓይነት በግ እንደነበረ፣ ምን ሲያደርግ እንደነበረ፣ ማን እንዴት እንደያዘው የሚያስታውስ የለም፤ ለአንድ ፈገግታ ሲባል ታርዷል። እዚህ ያስቀመጥኳት ለማሳያ ነው። በሌላ ወግ ውስጥ ብትሆን መሐላዎቹን እንዳሉ ትቼ እሷን እሰርዛት ነበር።

መሐላዎቹ ግን መቅረት የለባቸውም። ጆሮ ስለለመዳቸው ነው እንጂ ድንቅ ናቸው። ሻጩ የእናቱን ሞት ጠርቶ ዋጋ ሲያጸና አንዳች የሚሸብር ሰው አይታይም፤ እናቱም አጠገቡ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ በዚያው በግ ሥጋ በተሠራው ማዕድ ዙሪያ ሌላ እናት «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!» እያለች ጉርሻ ታጎርሳለች። በግ ተራ ላይ ዋጋ ያጸናው ሞት እዚህ ፍቅር ሆኖ ቀርቧል፤ እንግዳው አፉን ከመክፈት በቀር አማራጭ የለውም። ይህን የሚያህል ነገር ስሰማ ለምን እንዲህ እንደምንናገር ለማስረዳት እቸኩላለሁ። ቸኩዬ የጻፍኩት ማብራሪያ ግን ሁልጊዜ ከመሐላው ያነሰ ነው። ስለዚህ ድምፁን፣ የተናገረውን ሰው እጅ፣ አድማጩ ያደረገውን ብቻ መጻፍ ይሻለኛል። ሻጩ ሲምል በግራ እጁ የበጉን ቀንድ እንደያዘ ነበር? ገዢው ሲምል ዓይኑ የት ነበር? ወጉ ያለው እዚያ ነው።

በአማርኛ ወግን ለብቻው የቆመ የጽሑፍ ዓይነት አድርገው ካስለመዱን አንዱ መስፍን ኃብተማርያም ነው፤ ከመጻሕፍቱ አንዱን «የቡና ቤት ስዕሎች» ብሎ መሰየሙ ሥራውን ይናገራል። ስዕል ነው ያለው፤ ስብከት አላለም። እኛ ተከታዮቹ ግን ከስዕሉ ይልቅ ስብከቱ ይቀናናል። በተለይ እንስሳ ሲገባበት።

ይህ ልማድ ዛሬ የመጣ አይደለም። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ስለ አራዊትና አዕዋፍ የሚናገር መጽሐፍ ነው። አንበሳው ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል፣ ከዚያ ትርጓሜው ይከተላል፤ ወፏ ጫጩቶቿን በደሟ ታስነሳለች፣ ከዚያ ትርጓሜው ይከተላል። ለብዙ መቶ ዓመታት እንስሳ ሳይተረጎም እንዳይታለፍ የተማርን ሕዝብ ነን። ከዚያም የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» መጣ፤ ተኩላው፣ ቀበሮዋ፣ በጉ ሁሉ ጥርት ባለ አማርኛ እየተናገሩ ትውልድ አሳደጉ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የሚያስቸግሩኝ አንባቢዬ ላይ ትተውት በሄዱት ጥያቄ ነው። በግ ብዬ ስጀምር ገና በጉ ሳይደርስ «ምን ለማለት ነው?» ይለኛል። በጉን አማኝ ሕዝብ ያደርገዋል፣ አራጁን መንግሥት፣ ቢላዋውን ጊዜ። እኔ ግን በግ ለማለት ነው የፈለግኩት።

በግ ተራ የሚውል ሰው በግን እንዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። አዋቂ ገዢ በመጀመሪያ ፊቱን አያይም። አውራ ጣቱን አከርካሪው ላይ አሳርፎ አጥንቱ ምን ያህል እንደሚቆረቁር ይዳስሳል፤ ቀጥሎ ላቱን በመዳፉ ተሸክሞ ይመዝናል። ከዚያ አፉን ይከፍታል። የበግ የላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ጥርስ የለውም፣ ጠንካራ ድድ ብቻ ነው። ከታች 8 ጥርሶች አሉት። አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ የመካከለኞቹ 2 የወተት ጥርሶች ወድቀው በሰፋፊዎች ይተካሉ፤ እንዲህ ጥንድ ጥንድ እየለወጠ 4 ዓመት ገደማ ሲሆነው አፉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ጥርሱ እየተሸረፈና እየረገፈ ይሄዳል። ዕድሜውን በአፉ ይዞ የሚዞር ፍጡር ነው። ገዢው ጠቦት ይሁን ያረጀ በአንድ እይታ ያውቃል፣ ከንፈሩን መልሶ ይለቀዋል፣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። የወግ ጸሐፊ ከዚህ ሰው የሚማረው አለ፤ ሰውየው ስለሚገዛው ነገር ቀልድ አያውቅም፣ ገንዘቡ ነው።

ዓይኑ ደግሞ አለ። የበግ ብሌን እንደኛ ክብ ሳይሆን አግድም የተጋደመ ነው፤ አንገቱን ሳያዞር ከፊትም ከጎንም፣ ከኋላውም ጭምር ሰፊ ቦታ ያያል። የሚገርመው አንገቱን ሲደፋ የሚሆነው ነው። የወደቀ የጎመን ቅጠል ለማንሳት ሲያጎነብስ ዓይኑ በጉድጓዱ ውስጥ ይዞራል፤ ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ይህን ለክተው ጽፈውታል። ለማየት ግን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ቁጢጥ ብሎ ከበጉ አጠገብ መቆየት ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ በዓል ዋዜማ በግ ተራ መሀል ቁጢጥ ያለ ሰው የሚገፉት ብዙ ናቸው። «ፋዘር፣ ትገዛለህ ወይስ ታያለህ?» ተብሎ መጠየቅም አለ።

አንድ ልጨምር። እንግሊዛዊው ኪት ኬንድሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በግ የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይቶ ከሁለት ዓመት በላይ ማስታወስ እንደሚችል አሳዩ። የሰውንም ፊት ይለያል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሾላ ላይ በገመድ ታስረው ከቆሙት በጎች ፊት ማለፍ ከብዶኛል። እዚህ ላይ ሊጻፍ የሚችለው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነ አንባቢዬ ገና ሳልጽፈው ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ለሁለታችንም ክብር ስል እተወዋለሁ።

ዶሮዎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። እግራቸው ታስሮ፣ ተዘቅዝቀው፣ እንደ እቅፍ አበባ ተሰብስበው በአንድ እጅ ይያዛሉ። ሲዘቀዘቁ ጸጥ ይላሉ፤ ጸጥታው ሰላም ሳይሆን ፍርሃት ነው። ማግስቱን 12 ብልት ይሆናሉ፣ ብልቱን አሳስታ የምታወጣ ሴት ደግሞ የሠፈር መነጋገሪያ ትሆናለች። ስለ ዶሮ ወጥ ብዙ ተጽፏል። ስለ ዶሮዋ የሚጽፍ ግን አሁንም ይፈለጋል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከእኔ በጣም አሳምሮ የጻፈው አሜሪካዊው ኢ. ቢ. ኋይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አትላንቲክ መጽሔት ላይ ስለ አሳማው ሞት ጻፈ። አሳማ መሆኑን አንባቢዬ ይቅር ይበለኝ። ታሪኩ ይህ ነው፦ በጸደይ የገዛውን፣ በጋውን ሲቀልበው የከረመውን፣ ብርድ ሲገባ ሊያርደው ያሰበውን አሳማ ሕመም ያዘበት። የጉሎ ዘይት አጠጣው፣ ሐኪም ጠራ፣ ሌሊት እየተነሳ አየው፤ ሞተ። ቀበረው። ውሻው ፍሬድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለይ ተከተለው። ሊገድለው ያሰበውን እንስሳ ለማዳን ያን ያህል መድከሙ ለምን እንደሆነ ኋይት ጥቂት ይነካካዋል እንጂ አይፈታውም። ያንን ጽሑፍ ተሸክሞ የሚሄደው የጉሎ ዘይቱ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን አውጡትና ሐዘኑም አብሮ ይወጣል።

ሾላ ገበያ ግን ከአሳማ የሚበልጥ ርዕስ ከስሙ ሥር አለው። ሾላ ዛፍ ነው፤ ዘኬዎስ ቁመቱ ቢያጥርበት የወጣበት ዓይነት። ፍሬው ተራ ፍሬ ይመስላል፣ በእርግጥ ግን አበቦቹን ወደ ውስጥ የዘጋ ቤት ነው። በሩ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ናት፣ እሷም በቅርፊት ተደራርባ የተዘጋች። በዚያች የምትገባ ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ አለች። እየተጨቆነች ስትገባ ክንፏ ተገንጥሎ ይቀራል። ደረቷ ላይ ባሉ ኪሶች ከሌላ ፍሬ ተሸክማ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ በእግሯ እየጨለፈች ለአበቦቹ ታካፍላለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ከእንቁላሉ ቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም። ሴቶቹን ገና ከተፈለፈሉበት ክፍል ሳይወጡ ያገኟቸዋል፣ ከዚያ የፍሬውን ግድግዳ ቦርቡረው በር ይከፍታሉ፣ ይሞታሉ። በሩን ለራሳቸው አልከፈቱትም። ሴቶቹ ኪሳቸውን በብናኝ ሞልተው በዚያ በር ይወጣሉ። ሌላ ሾላ ለማግኘት ያላቸው ዕድሜ ከአንድ ሁለት ቀን አይበልጥም።

ጋሊልና አይሲኮዊች የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በምሥራቅ አፍሪካ ሾላዎች ላይ አጥንተው በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሳትመውታል። በግብፅና በፍልስጥኤም ምድር ግን ተርቧ የለችም። ዛፉ እዚያ የሚባዛው በሰው እጅ፣ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ነው፤ ፍሬው እንዲበስልም አንድ በአንድ መበጣት አለበት። ነቢዩ አሞጽ ሥራው ይህ እንደነበር ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። በእኛ በኩል ያ ሥራ የተርቧ ነው።

ይህን ለወዳጄ፣ የመጽሔት አርታዒ ለሆነው፣ ስነግረው «ግሩም ነው፣ ስለ እናቶች መሥዋዕትነት አድርገህ ጻፈው» አለኝ። ያልኩት ችግር ይኸው ነው። ተርቧ እናቱ አይደለችም። እናቶች መሥዋዕት እንደሚሆኑ ለማወቅ ተርብ የሚያስፈልገው አንባቢም የለኝም። ክንፉ በሩ ላይ ተገንጥሎ የሚቀር ፍጡር ግን አለ፤ ለዚያ ነገር ከመደነቅ ሌላ ቶሎ የሚገኝ መልስ የለም፣ ፍለጋውም ለምን እንደሚያስቸኩል አይገባኝም። አርታዒው አሁንም ወዳጄ ነው። ጽሑፉ ሌላ ቦታ ወጣ።

ሰው ሲሞት ነው የሚከብደው። ለእንስሳ ያልኩትን ሁሉ ለሰው መድገም እችላለሁ ወይ? ስለሞተ ሰው ስንጽፍ ቃላቱ ተዘጋጅተው ይጠብቁናል፦ ደግ ነበረች፣ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፣ ለተራበ አጉራሽ። ከእነዚህ መካከል ሐሰት የሆነ ላይኖር ይችላል፤ ግን ሴትየዋን ከጎረቤቷ መለየት አይቻልም። እዚህም የምፈልገው የጉሎ ዘይቱን ጠርሙስ ነው።

ሾላ ገበያ ከቅቤ ተራው አለፍ ብሎ እንቁላል የሚሸጡ አንድ እናት ነበሩ። እንቁላሉን አንድ በአንድ ጆሯቸው ሥር ወዝወዝ አድርገው ያዳምጡታል፤ ድምፅ የሰጠውን ወደ ጎን ያኖሩታል። ቆጥረው ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ምራቂ ይጨምራሉ፣ «ይህቺ የኔ ናት፣ በሞቴ» እያሉ። ባለፈው ቀዳም ሥዑር፣ ቄጤማ የሚያድሉት ካህናት በገበያው ሲያልፉ ደርሼ ነበር። ቦታው ላይ ልጃቸው ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ጥቁር ነው። ጠየቅኳት።

«አረፈች። በጥር።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ያኑርልን። ስንት ልስጥዎት?»

ነገርኳት። እንቁላሉን ከእናቷ በተለየ መንገድ መረጠች፤ ጆሮዋ ጋ አላደረሰችውም፣ ወደ ፀሐይ እያነሳች ነው ያየችው። ቆጠረች፣ በጋዜጣ ጠቀለለች፣ ሰጠችኝ። እጄን ሳልሰበስብ ቆየሁ መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምራቂውን ከሆነ፣ እሱ የእሷ ነበር» አለች። «እኔ አላወጣውም፣ እናቴን! መኖ ተወዷል።»

አንድ ጨምሪልኝ አልኳት፣ ከፈልኩ።